በሬ የሚበላው ፀሐይ ነው

ቢስሚላሂ ብዬ እጀምራለሁ። እኔ ጀላል እንድሪስ፣ በቃሉ አገር፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለው ቀዬ የምኖር ገበሬ፣ ዛሬ ሐሙስ ግንቦት ፲፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት ከጧቱ በሁለት ሰዓት ይህን የኑዛዜ ቃሌን ተናገርኩ። የታመመው ጎኔና እስትንፋሴ ነው፤ ልቤና አእምሮዬ ደኅና ናቸው። ማንም ሰው አላስገደደኝም፤ ያስገደደኝ ፍርሃቴ ነው። ይህም ይጻፍ።

ጸሐፊዬ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ ከደሴ ወርደው በኮምቦልቻ ለሰው አቤቱታ የሚጽፉት። ፍርሃት በኑዛዜ ውስጥ አይገባም ብለው ብዕራቸውን አቆሙ። እኔም የምናገረው ሁሉ ከዚያ የሚመጣ ስለ ሆነ ይግባልኝ አልኳቸው። ደፋር ብሆን ኖሮ ይህን ቃል ለመናገር አርባ ዓመት ባልቆየሁ ነበር።

ምስክሮቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው የመስጊዳችን ኢማም ሼህ ሸረፈዲን፣ ሁለተኛው አቶ ሞላ ብሩ። ሞላ ክርስቲያን ነው፣ እኔ እስላም ነኝ፤ በወጣትነታችን ግን ለየብቻችን አንዳንድ በሬ ብቻ ስለ ነበረን፣ ሁለቱን በአንድ ቀንበር አጣምደን በመቀናጆ እናርስ ነበር፤ አንድ ቀን የእርሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የእኔን። ልጄ ዘይኑልአቢዲን በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሴት ልጄ መርየም ከሐርቡ መጥታ ራስጌዬ አለች። ምራቴ ለይላ ጓዳ ናት፤ ወደዚህ እንዳትወጣ ባሏ ከልክሏታል።

ያስቸኮለኝ ነገር ይህ ነው። ባለፈው ዓርብ የዘይኑ በሬ ቦራ በቀትር ሲያርስ ወድቆ ሞተ። ሰውም ተበላ አለ። በዚያው ሰሞን አንድ የቢስቲማ ነጋዴ፣ የለይላ አያት ሸክላ ሠሪ እንደ ነበረችና ከእኛው ቀዬ ቡዳ ነሽ ተብላ እንደ ተባረረች አውርቶ ኖሮ፣ የሁሉም ዓይን ወደ ምራቴ ዞረ። ልጄም ቅዳሜ ሁለት ልጆቿን አስቀርቶ እርሷን ወደ ቢስቲማ ሊሰዳት ቆርጧል። ነገን ብናልፍ ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት እንዳልሞት እፈራለሁ። ሳልሞት ቆይቼ ፊታችሁን ማየትም ያስፈራኛል።

አንደኛ፤ ስሞት ድንኳን አትትከሉ፣ ሰው አታስቸግሩ። ከፈኔ፣ የመገነዣ ጨርቄ፣ በሳጥኑ ውስጥ አለ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። ዕዳ የለብኝም ግን አላልኩም፤ መሪጌታ ይህን ለይተው ይጻፉልኝ።

ሁለተኛ፤ መሬቴንና ከብቶቼን ልጆቼ በሸሪዓው መሠረት ይካፈሉ፤ ሼህ ያካፍሏቸው። ላሚቱ ከነጥጃዋ በመርየም ድርሻ እንድትገባ አደራ እላለሁ። መርየም በልጅነቷ ከብት ሲያለከልክ ካየች ማንም ሳይነግራት ውኃ የምታመጣ ልጅ ነበረች። ዘይኑ ግን ከተነገረውም በኋላ ቆይ ይላል። ዘይኑ፣ አትቆጣ፤ ይህን የምለው ስለምወድህ ነው፤ ደግሞም እውነት ነው። መርየም፣ ሐርቡ ሙቀቱ ክፉ ስለ ሆነ ግንቦት ሳይገባ ላሚቱን ወደ ገራዶ ወደ አጎቶችሽ ስደጃት። ደጋው ላይ ሣሩ ቢያንስ እንኳ አየሩ ያኖራታል። በአንድ ቀን አትንዷት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን አቀበት በማለዳ ትጀምር፤ ፀሐይ ሲበረታ ከዛፍ ሥር ትዋል። ጥጃ ከኋላ እየተገፋ አቀበት አይወጣም። ይህን ሳያውቁ ነድተው ጥጃ በጫንቃቸው ተሸክመው ደሴ የገቡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ስማቸውን አልጠራም፤ አንደኛው እዚህ ተቀምጧል።

ሦስተኛ፤ ስለ በረቱ። ዘይኑ ከመንገድ ሥራው ቆርቆሮ አግኝቶ የበረቱን ሣር ክዳን ሊያነሣ አስቧል። ቆርቆሮ ዝናብ ይከለክል ይሆናል፤ በግንቦት ግን ከብቱን ከነነፍሱ ይጠብሰዋል። በኮምቦልቻ የቆርቆሮ ቤት የሠሩት ሰዎች በቀትር ሸሚዛቸውን አውልቀው ደጅ ሲቀመጡ አላያችሁም? እነርሱ ይወጣሉ፤ የታሰረ በሬ ወዴት ይወጣል? ክዳኑ ሣር ይሁን፣ ሣሩም ወፍራም ይሁን። ነፋሱ ከቦርከና በኩል ስለሚመጣ ግድግዳው በዚያ በኩል ክፍት ይሁን። ፍጉ በየጧቱ ይጠረግ፤ የተከማቸ ፍግ ራሱ ይግላል፤ ዝንብም ያፈላል። ከበረቱ አጠገብ የቆሙትን ሁለቱን ግራሮች ለከሰል ብሎ የሚቆርጥ ልጄ አይደለም።

አራተኛ፤ ስለ ሥራው ሰዓት። ዘይኑን ጣሊያን ጧት ጧት ለመንገዱ ድንጋይ እያስፈለጠ በአምስት ሰዓት ይለቀዋል። እርሱም ከዚያ መጥቶ በጠራራው ያርሳል። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም በሬው ጣሊያንን አያውቅም፤ የሚያውቀው ፀሐይን ነው። በግንቦትና በሰኔ በሬ የሚጠመደው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ይፈታ። ጧት ካልተቻለ ወደ ማታ ጥላ ሲረዝም ይጠመድ። ያልታረሰው ይደር። ያደረ ማሳ ነገ ይገኛል።

ምልክቱንም ስሙ። በሬ አፉን ከፍቶ ምላሱን ሲያወጣ፣ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ሲመታ፣ ለሃጩ ሲዝረከረክ፣ ጆሮው ወድቆ እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ፣ ማን አየው ብላችሁ አትጠይቁ። ቀንበሩን አውርዱለት። ጥላ ውስጥ አስገቡት። መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ አንገቱንና ግንባሩን ውኃ አፍስሱበት፤ በቅጠል አራግቡለት። እስትንፋሱ ሲመለስ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ፤ በማግስቱም አሞሌ አስልሱት። እያለከለከ ሳለ ወደ ወንዝ ነድታችሁ እስኪነፋ እንዲጠጣ አትልቀቁት። ከሁሉም በላይ፣ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ የወደቀ በሬ ላይ አታጭሱበት።

እዚህ ላይ ትንፋሼ ተቋርጦ መርየም ውኃ አጠጣችኝ። መሪጌታ አምስተኛው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ስለ በቅሎዬ ልናገር ነበር፤ ላብ ይዟት ሳለ ኮርቻዋ ወዲያው እንዳይወርድ። ከዚያም ስለ ፍየሎቹ መዥገር። እስከ ማታ ብናገር ደስ ባለኝ ነበር፤ የበቅሎ ወሬ አያልቅም። ነገር ግን ሼህ እጄን ያዝ አድርገው፣ «ጀላል፣ የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ነው የሚምረው» አሉኝ። ምን እንደ ያዝኩ ሳያውቁ ነው ያሉት። ስለዚህ አምስተኛው ይህ ነው።

ሞላ፣ ስማኝ። ክፉ ቀን ካለፈ በኋላ፣ በሬ እንደ ወርቅ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ አንተ ለለቅሶ ወደ ደሴ ስትወጣ በሬህን ትተህልኝ ሄድክ። ወሩ ግንቦት፣ የማረሻ ተራው የእኔ ነበር። ደመናው በወንዙ ማዶ ጠቁሮ ስላየሁ፣ ማሽላዬን ዝናቡ ሳይቀድመኝ ልዘራ ብዬ ሦስት ሰዓት ሲሆን አልፈታሁም። አራት ሰዓት ሆነ፣ አልፈታሁም። የራሴ በሬ መድከሙን ባየሁ ጊዜ ሞፈሩን ከቀንበሩ መካከል ወደ ያንተው በሬ አስጠግቼ አሰርኩት፤ ሸክሙ ወደ እርሱ እንዲያደላ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ፤ ያንተ በሬ ያን ቀን ከእኔ ጋር ዋለ።

አምስት ሰዓት ላይ ዘሐራ ሸክላ ሠሪዋ ማሰሮዎቿን ተሸክማ በማሳው ዳር አለፈች። ቆም አለችና፣ «ጀላል፣ ፍታው እንጂ፤ ምላሱን አውጥቷል» አለችኝ። በገዛ ማሳዬ ሴት ልትመክረኝ ብዬ ተናደድኩ። እልህ ይዞኝ አንድ ሰዓት ጨመርኩ። ከዚያ በሬዎቹን ፈትቼ እያለከለኩ ወደ ቦርከና ነዳኋቸው። ያንተው እስኪነፋ ጠጣ፤ ከውኃው ወጥቶ ጥቂት ተራምዶ ወደቀ።

ሰው ተሰበሰበ። ምን ሆነ ብለው ጠየቁኝ። አንተ በዚያ ጊዜ ጉልበትህም ቁጣህም የሚፈራ ሰው ነበርክ። በሬ ልተካልህ ብል በአገሩ የሚሸጥ በሬ አልነበረም። ፈራሁህ፣ ሞላ። ስለዚህ፣ «ቅድም ዘሐራ ቆማ አየችው» አልኩ። ቆማ ማየቷ እውነት ነበር። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ የቀረውን ሰዉ ጨመረበት። በሬው ገና ነፍስ ነበረው። ጥላ ውስጥ አስገብተው ውኃ በማፍሰስ ፈንታ፣ የበላችው ትጩህ ብለው በዚያ ፀሐይ እሳት አንድደው አሮጌ ቁርበት አፍንጫው ሥር አጨሱበት። ትንፋሽ አጥቶ ሞተ። ቁርበቱን ያቀበልኩት እኔ ነበርኩ።

አንተም ከደሴ ተመልሰህ የሆነውን ታውቃለህ። ማሰሮዎቿ ተሰበሩ፤ ጎጆዋ ፈረሰ። ትንሿን ልጇን አዝላ በድንጋይ እየተከተሏት ወጣች። ዝም ብዬ ብቆም ይጠረጥሩኛል ብዬ እኔም አንድ ገንቦ ሰበርኩ። በመንገዱ መታጠፊያ ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ብትናገር ኖሮ ማን ያምናት ነበር? ይህንንም ታውቅ ነበር።

ቢስቲማ ገብታ ሸክላዋን እየሠራች ልጇን አሳደገች፤ የልጅ ልጅም አየች። መሞቷን ስሰማ፣ ያቺን የልጅ ልጅ ለዘይኑ ላጭ ብዬ ሄድኩ። የማን ዘር እንደ ሆነች ለማንም አልነገርኩም። ለእርሷም አያትሽን አውቃታለሁ አላልኳትም። በጎ ሥራ ሠርቼ ሐቋን የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ እጄን አስታጥባኛለች፣ በሕመሜ ጊዜ ደግፋ አንሥታኛለች። አሁን እንደማየው ግን ልጅቱን ከድጡ ወደ ማጡ አመጣኋት፤ አያቷ ወደ ተባረረችበት ቀዬ በገዛ እጄ መለስኳት።

ባለፈው ዓርብ ቦራ ሲወድቅ እዚሁ ተኝቼ ነበር። ለይላ እንስራ ተሸክማ ወደ በሬው ስትሮጥ ሰዎቹ አትቅረቢው ብለው ሲመልሷት ሰማሁ። ወዲያው የቁርበቱ ጭስ በግድግዳው ቀዳዳ ገብቶ ሸተተኝ። ውኃ አፍስሱበት፣ ልጅቷን ልቀቋት ብዬ አንድ ጊዜ ብጮህ በሬው ይተርፍ ነበር፤ እርሷም ትተርፍ ነበር። ግን በምን አወቅህ ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁና ጋቢዬን በራሴ ላይ ሳብኩት። ዘይኑ፣ በሬህን የበላው ቀትሩና ጭሱ ነው። የአባትህም ዝምታ አለበት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የፈራሁት ይኸው ደረሰ።

ስድስተኛ፤ ሸሪዓው እስከ ሲሶ ድረስ ወራሽ ላልሆነ ሰው እንድሰጥ ይፈቅድልኛል። ምራት ወራሽ አይደለችም። ስለዚህ ጥቁሩን በሬዬን ጉራቻን ለለይላ ሰጥቻለሁ። ሼህ ከብቱን ሁሉ ቆጥረው ከሲሶው እንደማያልፍ አረጋግጠዋል። ሌላው በሬ ዳማ በዘይኑ ድርሻ ይገባል። ዘይኑ፣ ብታስወጣት ጉራቻን በገመዱ ይዛው ትወጣለች፤ በአንድ በሬ ደግሞ ማንም አያርስም። ብታኖራት ግን ከዛሬ ጀምሮ እርሷ ሚስትህ ብቻ ሳትሆን መቀናጆህ ናት። በሬዋ መቼ እንደሚጠመድና መቼ እንደሚፈታ የምትናገረው እርሷ ናት። ፍታው ስትልህ ፍታ። እኔ ፍታው ስባል አልፈታሁም።

ይህን ስጨርስ፣ መሪጌታ ጽፈው ጨርሰው ዓይናቸውን ከወረቀቱ አላነሡም። ሞላ ብድግ ብሎ ወደ አልጋዬ መጣ። የሚመታኝ መስሎኝ እጄን ፊቴ ላይ አደረግኩ፤ በሰባ ዓመቴ እንደ ሕፃን። እርሱ ግን አልነካኝም። እንዲህ አለኝ፦

«በሬዬን ብቻ ገድለህ ቢሆን ይቅር እልህ ነበር። እጄን በሰው ላይ አስነሣኸኝ። ሕፃን ያዘለች ሴት ላይ ድንጋይ ወርውሬ፣ ደግ አደረግሁ ብዬ አርባ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስሜያለሁ። ይህን እኔ ለማን ልናዘዘው?»

ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ዘይኑ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ለይላ ከፊት፣ እርሱ ከኋላ ነበሩ። ሁሉን ሰምታለች፤ በጓዳና በዚህ መካከል ያለው የመቃ ግድግዳ ነው። ዓይኗ አብጧል። እኔም፣ «ልጄ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«የራሴን አፉ ብዬዎታለሁ፣ አባባ» አለችኝ። «የአያቴን ግን ከእኔ አይጠይቁኝ። እሷን ያዋረዷት በሰው ፊት ነው። እርስዎም በሰው ፊት ይንገሩላት፤ በሕይወት ሳሉ።»

እውነቱን ልናገር። ይህ ጽሑፍ ከቀብሬ በኋላ እንዲከፈት ነበር ሐሳቤ። እኔ ከአፈር በታች ሆኜ እናንተ ብታነቡት፣ የማንንም ዓይን አላይም ነበር። አልችልም ልላት አፌን ከፈትኩ። የገበያው ሰው ሁሉ፣ ልጅ አዋቂው፣ አብሬያቸው ሰላት የቆምኩት፣ ለእርቅ ጀላልን ጥሩ እያሉ የሚያስጠሩኝ ሁሉ በዓይኔ ዞሩብኝ። ለይላን አየሁ፤ አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም፤ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አያቷም በማሳው ዳር እንዲሁ ቆማ ነበር።

እሺ አልኩ። ስለዚህ ሰባተኛና የመጨረሻው ቃሌ ይህ ነው። ቅዳሜ ማለዳ በቃሬዛ ተሸክማችሁ ገበያው መካከል አስቀምጡኝ። መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡት። ዘሐራ ቡዳ አልነበረችም፤ ለሰውም ለከብትም ነፍስ ያዘነች ሴት ነበረች። ሲነበብ ለይላ ከራስጌዬ ትቁም፤ ዘይኑም ከአጠገቧ። ከቅዳሜ በፊት ብሞት፣ ይህ በገበያው ሳይነበብ አፈር አታልብሱኝ። ሼህ ቀብር አይዘገይም ብለዋል፤ እንግዲያውስ ገበያ ባይኖርም ሰው ሰብስባችሁ አንብቡት።

ሞላ ከተቀመጠበት ሆኖ፣ «የእኔም ስም አብሮ ይነበብ፤ ድንጋዩም እንዳይቀር» አለ። መሪጌታ እንዲጽፉት አደረግሁ።

ዘይኑን ቅዳሜ ለይላን ትሰዳለህን ብዬ በምስክሮቹ ፊት ጠየቅሁት። «ወላሂ አልሰዳትም» አለ። ከዚያም ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እርሷ ዞሮ፣ በሬዎቹን የዛሬውን ውኃ አጠጥተሻቸዋል ወይ ብሎ ጠየቃት። እርሷም አዎን አለችው።

የተናገርኩት ይህን ነው። ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለም። አሁንም እፈራለሁ። ይህም እንደ ተናገርኩት ይጻፍ።

ተናዛዥ፦ ጀላል እንድሪስ፣ የአውራ ጣት አሻራ።

ምስክር፦ ሼህ ሸረፈዲን፣ በዐረብኛ ፈርመዋል።

ምስክር፦ አቶ ሞላ ብሩ፣ የአውራ ጣት አሻራ።

ቃሉን ሰምተው የተቀበሉ ወራሾች፦ ዘይኑልአቢዲን ጀላልና መርየም ጀላል፣ የአውራ ጣት አሻራ።

ስጦታዋን የተቀበለች፦ ለይላ፣ የዘሐራ የልጅ ልጅ፣ የአውራ ጣት አሻራ። ስሟ በዚህ አኳኋን እንዲጻፍ ራሷ ጠይቃለች።

ጸሐፊ፦ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል። የተናዛዡ እጅ እጅግ ስለ ተንቀጠቀጠ አሻራው ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ ነበር። በሦስተኛው አቶ ሞላ ብሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጁን በእጃቸው ይዘው አስነክተዋል፤ አሻራው ከደረቀ በኋላም አልለቀቁትም።